የተሸፈነው ቤት

ሹፌር አልባዋ አምቡላንስ የእነውባየሁን በር ለሦስተኛ ጊዜ አልፋ ሄደች። የሕፃኑ ትኩሳት እየባሰ ነው። የቤቶችን መረጃ እያነበበ ካርታ ላይ የሚያሰፍረው ፕሮግራም፣ ፈላጊው፣ ያላነበበው ቤት ለአምቡላንሷ ባዶ መሬት ነው።

ውባየሁ ፈላጊው የሚያነበውን የቤታቸውን ሳይትማፕ፣ የቤቱን መግለጫ ገጽ፣ በስልኳ ከፈተች። "ለማንም እንዳይታይ" ይላል።

"ማነው የዘጋው?"

አማቷ እማማ ትርንጎ አቀረቀሩ። "እኔ ነኝ፣ ልጄ። ክርስትና ሳይነሳ የሰው ዓይን እንዳያገኘው ብዬ።"

ውባየሁ እገዳውን አነሳችው። "ፈላጊው ነገ ጠዋት ያነበዋል" የሚል መልስ መጣ።

ነገ! ልጇን ታቅፋ ወደ ጎረቤቷ ሸዋዬ ግቢ በሩጫ ገባች። አምቡላንሷ እዚያ ወዲያው ቆመች፤ በሯን ግን አልከፈተችም።

"ሕፃኑ የዚህ ቤት ልጅ ነው?" አለች አምቡላንሷ።

ሸዋዬ ሕፃኑን ከውባየሁ እጅ ተቀበለች።

"አዎ፣ የኔ ነው።"

በሩ ተከፈተ። ለእናት የተዘጋጀው ወንበር አንድ ብቻ ነበር፤ ሸዋዬ ተቀመጠችበት።