ያቺ አሮጌ ላፕቶፕ ኢንተርኔት እንዳትነካ!

«አንተ ነህ ያጠፋኸው! አንተ ነህ!»

በንባብ ክፍሉ ውስጥ...

መጽሐፍ ላይ የተደፋው ሁሉ ቀና አለ።

አንዲት ወጣት ከወንበሯ ተነስታ ቆማለች። የምትጮኸው ደግሞ በአባቷ ዕድሜ ባሉ ሰው ላይ ነው። እስከ ትናንት «ጋሼ፣ እርስዎ» ስትላቸው የኖረችውን ሰው ዛሬ «አንተ» አለቻቸው!

ነገሩ እንዲህ ነው...

ሁለቱም የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው። እሷን ገና ሳትመረቅ ጓደኞቿ «ዶክተሯ» ይሏታል።

እሳቸው ልጆቻቸውን አስተምረው ከጨረሱ በኋላ ወደ ትምህርት የተመለሱ ሰው ናቸው። የክፍሉ ልጆች «ጋሽ ቀስታ» ብለው አወጡላቸው። ለምን መሰላችሁ? ላፕቶፓቸው ተከፍታ እስክትጨርስ አንዱ ምሳውን በልቶ ይመለሳል! ዋይፋይዋማ ከሞተ ሰንብቷል።

ርዕሳቸው ስለሚቀራረብ ኦንላይን የማጣቀሻ ማደራጃ ፕሮግራም ላይ የጋራ ቋት ከፈቱ። ያነበቡትን መጽሐፍና ጥናት ሁሉ፣ ከየትኛው ገጽ ምን እንዳገኙ ጭምር፣ እዚያ ይከታሉ። ጽሑፉ ሲያልቅ ፕሮግራሙ ራሱ ዋቢዎቹን ድርድር ያደርግላቸዋል... ግልግል ነው!

ዛሬ ጠዋት ዶክተሯ «ዋቢዎቼን ላውጣ» ብላ ቋቱን ከፈተችው...

ባዶ!

የዓመት ልፋቷ ድራሹ የለም። ጽሑፏን የምታስረክበው ነገ ነው። ዋቢ የሌለው ጽሑፍ ደግሞ አይቀበሏትም።

ቋቱን መክፈት የሚችሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። «እኔ አላጠፋሁ... ታዲያ ማን ሊሆን ነው?» አለችና ጋሼ ላይ የስድብ መዓት አወረደችባቸው።

«ቀንተህብኝ ነው! ያንተ ስላልደረሰልህ!»

ጋሼ ላፕቶፓቸውን ከደኑ።

«አይዞሽ ልጄ፣ ይገኛል» ብቻ አሉና ላፕቶፓቸውን ታቅፈው ወጡ።

«ጭራሽ አይዞሽ ይለኛል!» ብላ ተንገበገበች።

ጩኸቱን ሰምቶ የቤተ መጻሕፍቱ የኮምፒውተር ባለሙያ መጣ።

«እስቲ ተረጋጊ እህቴ። ሰሞኑን ስልክሽ ላይ ያጠፋሽው ነገር አለ?»

«ምንም! ትናንት ስልኬ ሞልቷል ሲለኝ የማይረባውን ጠራረግኩ እንጂ... የምረቃ ጋውን ስለካ የተነሳሁትን ሰልፊ እንዳልነካ፣ እነዚያን ያወረድኳቸውን የጥናት ወረቀቶች...»

ቦርሳዋን በርብራ ስልኳን አወጣች።

«ያጠፋሽው የሚጠራቀምበትን ቅርጫትስ?» አላት።

«እሱንም ባዶ አደረግኩት... ኮምፒውተሬ ላይ አለ ብዬ እኮ ነው!»

«የኔ እህት፣ ቋቱ አንድ ነው። ከስልክሽ ስታጠፊው ከሁሉም ቦታ ይጠፋል።»

ወይ ጉድ! ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

«ሌላ ቦታ አልገለበጥሽውም?»

«የለም... ጋሼ ላፕቶፕ ላይ ነበር፣ ግን እሷ እኔ ንባቤን ከጨረስኩ ወዲህ ኢንተርኔት አይታ አታውቅም...»

ባለሙያው ዘሎ ተነሳ። «ኢንተርኔት አላየችም?! እንግዲያው ሁሉም እሷ ላይ አለ! ግን ስሚኝ... ኢንተርኔት ባገኘች ቅጽበት እሷም ታጠፋዋለች። ቶሎ ደውዪላቸው!»

ደወለች... አይነሳም። ለንባብ ሲገቡ ድምፁን አጥፍተውታል።

ሮጠች!

በሩ ላይ ጥበቃው «ጋሼን ነው? አሁን እኮ ነው ፊት ለፊት ጥገና ቤት የገቡት። ዋይፋይዋን ላሠራ ብለው» አላት።

አለቀልኝ አለች። መንገዱን እንዴት እንደተሻገረች አታውቅም። አንድ ጫማዋ አስፋልቱ ላይ ቀርቷል... ሹፌሮች ክላክስ እያስጮሁ ይሰድቧታል... ማን ሰምቷቸው!

ጥገና ሠራተኛው የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቆ «ዳነችልዎ ጋሼ! በሉ ላገናኛት» አለና ጣቱን ዘረጋ...

«እንዳትነካትትት!»

ካቻቪቴው ከእጁ ወደቀ።

የኮምፒውተር ባለሙያው ፍላሽ ይዞ እያለከለከ ደረሰ። ላፕቶፕዋ እንደ አመሏ እያዘገመች ቋቱን ከፈተችው...

አለ! ሁሉም አለ! ከነገጹ፣ ከነማስታወሻው!

ዶክተሯ ጮኸች፣ ዘለለች፣ አሮጌዋን ላፕቶፕ አገላብጣ ሳመቻት። ባለሙያው በፍጥነት ፍላሹ ላይ ገለበጠላት።

ጥገና ሠራተኛው ግን ግራ ገብቶታል። «ታዲያ ጋሼ ለምን ነበር ያጣደፉኝ? 'ልጄ ነገ ታስረክባለች፣ ያለኝን ሁሉ ልላክላት' ሲሉኝ አልነበር?»

ልጅቷ ወደ ጋሼ ዞረች።

«ጋሼ... ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«እንዴት?»

«ትናንት ስልክሽን ስትጠራርጊ አጠገብሽ ነበርኩ። 'እነዚህ ወረቀቶች ይውጡልኝ' ስትይ ሰምቻለሁ። ዛሬ ስትጮሂ ነው ነገሩ የገባኝ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ስሰድብዎት ለምን አልተናገሩም?!»

ጋሼ ፈገግ አሉ።

«ያ ሁሉ ሰው እየሰማ 'ራሷ ናት' ብል፣ ነገ እነሱው ፊት በምን ዓይንሽ ትቆሚያለሽ? እኔ እንደሆንኩ ዘንድሮ የማስረክበው የለኝ።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እጃቸውን ይዛ፣ ጫማዋን ከመንገድ አንስታ፣ እየጎተተች ወደ ንባብ ክፍሉ መለሰቻቸው።

«ስሙኝ ሁላችሁም! ያጠፋሁት እኔ ነኝ! ጋሼ ናቸው ያዳኑኝ! እርስዎ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ!»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ... «ጸጥታ ይከበር» የሚለውን ማስታወቂያ ማን አይቶት!

በማግስቱ ጽሑፏን ከነሙሉ ዋቢው አስረከበች። የጋውን ሰልፊዎቿን ጠራርጋ አጥፍታ አንድ አዲስ ፎቶ ተነሳች... እሷ፣ ጋሼ፣ መሃላቸው ላፕቶፕዋ።

ወገኖቼ... ይቺ ልጅ ጽሑፏ ውስጥ ለእያንዳንዷ ሐሳብ ምንጭ ትጠቅሳለች። ሰው ስትወነጅል ግን ምንጯ ንዴቷ ብቻ ነበር።

ሰው ላይ ጣት ከመቀሰራችን በፊት «ይሄን ከየት አመጣሁት?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። ስንሳሳት ደግሞ፣ ሰው ፊት የሰደብነውን ሰው ፊት ይቅርታ እንጠይቅ።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... እናንተ ጋሼን ብትሆኑ ያን ሁሉ ስድብ ዝም ብላችሁ ትችሉት ነበር? ወይስ እዚያው እውነቱን ታፍረጠርጡት ነበር? ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ... 👇