የኮርቻ ሰፊው ከረጢት

የኮርቻ ሰፊው ሚስት የተበጠሰ ጠፍር ልትሰፋ ወስፌ ፈልጋ የባሏን የቆዳ ከረጢት በረበረች። ከወስፌው በፊት እጇ የገባው የእርግዝና መከላከያ ክኒን ነው፤ ሁለት እሽግ።

ክኒኑን አላጣችውም። ጤና ሠራተኛዋ በሴቶች ስብሰባ ላይ እያገላበጠች አሳይታቸዋለች። እሷ ግን መውለድ ካቆመች ቆይታለች። ታዲያ ለማን?

ለምሳ ሲገባ ፊቱ አስቀመጠችው።

«ይሄ የማን ነው?»

ባልየው እጁን መታጠብ ቀጠለ። «የሰው አደራ ነው። መልሺው።»

«የየትኛዋ ሰው?»

«ሰምተሽ ዝም የምትዪ ብትሆኚ በነገርኩሽ።»

በዚህ ላይ ስድብ! ልጃቸው በምጥ ልትሞት ደርሳ ከተረፈች ወዲህ፣ ልጄን ልይ እያለ ወንዝ ማዶ ማዘውተሩን የአባት አንጀት ነው ብላ ነበር። ለካስ እዚያው መንገድ ላይ ሻይ ቤት የከፈተችው መልከ መልካም አለች! ባለፈው የሄደው ሸሚዝ ቀይሮ ነው። ያውም እሷ አጥባ፣ እሷ አጣጥፋ።

ለጎረቤት ብትነግር መሳቂያ መሆኗ ነው። ባሏ የሚያፍረው ሰው ቢኖር የልጃቸውን አማት ነው፤ የሳቸው ቃል እንደ ዳኛ ቃል ይፈራል። በማግስቱ ክኒኑን በመሐረብ ቋጥራ ወንዙን ተሻገረች።

አማትየዋ ደጃፍ ላይ እህል ያበጥራሉ። ልጅቷ አጠገባቸው ሕፃን ልጇን ታጥባለች።

«እሰይ መጣሽ» አሉ አማትየዋ። «እስቲ ይቺን ልጅሽን ምከሪያት። ወልዳ ካልደገመች ልጄን ሌላ እድረዋለሁ ብያለሁ።»

«እሱን ይተዉትና የኔን ጉድ ይስሙ!» መሐረቡን ፈታ ክኒኑን ሰፌዱ ላይ ዘረገፈችው። «ባሌ ለውሽማው ተሸክሞ የሚዞረውን ይዩልኝ! እድሜዬን በልቶ በስተርጅና ከዳኝ!» ብላ እዬዬዋን አቀለጠችው።

የልጅቷ እጅ ሕፃኑ ጀርባ ላይ ቆመ።

አማትየዋ አንዱን እሽግ አንስተው ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ምራታቸው መለሱ።

«አባትሽ በመጡ ቁጥር ልሸኛቸው እያልሽ እስከ ወንዙ የምትወርጂው ለዚህ ኖሯል?»