ጭረትና ጨው

ይርሳው እስራኤል አገር ቤኤር ቱቪያ ባለ ፋብሪካ ውስጥ የአሉሚኒየም ቁራጮችን ሆን ብሎ ይጭራል። ቁራጮቹ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ አረንጓዴ የፖሊመር ቀለም የተቀቡ ናቸው። በስለት ጭሮ የጨው ጉም ያለበት ሣጥን ውስጥ ይከታቸዋል፤ ቅቡ ደህና ከሆነ የተጫረው ቦታ እንኳ አይዝግም። ሥራውን ይወደዋል። ቂርያት ማላኪ ከተማ ካለው ባዶ ቤቱ ይሻለዋል፤ ቢያንስ እዚህ የሥራ ባልደረባው ሀብቱ አለ።

ሀብቱ ያቭነ ከተማ የሚኖር፣ እስራኤል ውስጥ ያለው ብቸኛ ጓደኛው ነው። ከሱ ሌላ ይርሳው ያለችው ጎንደር ሆና ወደ እስራኤል የመምጫ ተራዋን የምትጠብቅ እናቱ ብቻ ናት።

ረቡዕ ማምሻውን ጌዴራ ያሉት እማማ እልፍነሽ ደወሉ። ያገራቸው ሰው ሁሉ መርዶ የሚረዳው እሳቸው ቤት ነው።

«የሀብቱ ወንድም ጎንደር ላይ አርፏል። እሱ አልሰማም። ነገ በማለዳ በዘዴ አምጣው። እህል ሳይቀምስ እንዳይመጣ» አሉ።

ይርሳው እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ነጋ። ሀብቱ እንደወትሮው በመኪናው ሊወስደው ሲመጣ፣ ሁለት ቁራጭ አሉሚኒየም ይዞ ወጣ።

«መሐንዲሱ ዛሬ ጌዴራ ነው። እነዚህን ቤቱ እናድርስለት።»

«ቤሰደር፣ እሺ» አለ ሀብቱ። የትኛው መሐንዲስ ብሎም አልጠየቀ።

መንገድ ላይ ቆመው አይብ የተሞላ ቂጣ፣ ቡሬካስ፣ ገዙ።

«ብላ እንጂ» አለ ይርሳው።

«አንተ ካልበላህ አልበላም።»

ይርሳው እሱን ለማባበል ሲል ድርሻውን ጨረሰ። ሀብቱ የነከሳትን ይዞ ቀረ።

ጥቂት እንደሄዱ ሀብቱ «ስልክህን ስጠኝ፣ የኔ ባትሪ አልቋል» አለ። ይርሳው ደነገጠ፤ አንዱ ደውሎ ወሬውን እንዳያፈነዳበት ፈራ። እምቢ ማለት ግን ያስጠረጥራል። ሰጠው። ሀብቱ ሳይደውል ኪሱ ከተተው፤ ይርሳው በልቡ ተመስገን አለ።

ወዳጁን ልብ ወደሚሰብር መርዶ በገዛ እጁ እየወሰደው መሆኑ አንጀቱን በላው። ሰባቱንም የሐዘን ቀን ከጎኑ ላይለይ ወሰነ። ብቻውን የሚያዝን ሰው ምን እንደሚሆን እሱ ያውቃል።

እማማ እልፍነሽ ቤት በሩ ተከፍቶ ነበር። ሰዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ይርሳው ጓደኛው እንዳይወድቅ ክንዱን ሊይዝ ዘወር አለ።

ሀብቱ ግን እንባው እየወረደ፣ ቀድሞ የይርሳውን ክንድ ግጥም አድርጎ ይዞታል፤ የሰዎቹም ዓይን ያረፈው ይርሳው ላይ ነው።