ራሱን የላከ ሽማግሌ

«ተቀመጥ እንጂ ወንድሙ፣ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው» እለዋለሁ።

«የለም፣ እቆማለሁ» ይለኛል። ምሰሶውን በሁለት እጁ ጨብጧል።

ባቡራችን ከፒዮሪያ ጣቢያ ተነስቶ ወደ አየር ማረፊያው እየሄደ ነው። ባሕር ማዶ ካርዲፍ ያለችው ልጄ ሊዲ ዘንድ ሦስት ወር ልቆይ ነው። ወንድሙን ሸኘኝ አላልኩትም፤ በሩ ሊዘጋ ሲል እያነከሰ ዘሎ ገባ። ለሠርግ የሚለብሰውን ጥቁር ሱፍ ለብሶ ነጠላ ደርቧል። ከታች ግን ጭቃ የነካው አዲስ የተራራ ጫማ አድርጓል።

ወንድሙ የሰበካችን ሽማግሌ ነው። እዚህ አውሮራ ከተማ ውስጥ እሱ ሳይለምንለት ያገባ ሐበሻ ቢኖር ተደብቆ ያገባ ብቻ ነው። እሱም ሚስቱ ሞታበታለች፣ እኔም ባሌ ሞቶብኛል።

«ወይዘሮ ፀዳል» ይላል ጉሮሮውን ጠርጎ። እስከ ትናንት «አንቺ» ሲለኝ የነበረ ሰው! «የመጣነው ለጉዳይ ነው።»

ከኋላው አያለሁ። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ከንፈሯን እየቀባች ነው። ሌላ ሰው የለም።

«እናንተ እነማን ናችሁ?»

«ሦስት ነበርን። ወርቁን ሥራ ቦታው ሺፍት ቀየሩበት። ምናሉ ደግሞ ቅዳሜ ስለሆነ የታክሲ ራይዱን ካንስል ማድረግ አልቻለም። ሁለቱንም ወክዬ ነው የመጣሁት።»

አሁን ለምን እንደማይቀመጥ ይገባኛል። ሽማግሌ ለልመና ሲሄድ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ሳቄን እውጣለሁ፤ ልቤ ግን ደንግጧል።

«ልጃችን ወንድሙ» ይቀጥላል ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ «ጨዋ ነው። አይጠጣም፣ ሲቲዝን ነው፣ ኮሌስትሮሉም ወርዷል።»

«ልጃችሁ ዕድሜው ስንት ነው?»

«ስልሳ ሦስት።»

«ለትዳር ደርሷላ!»

አይስቅም። ሥራ ላይ ነው።

ነገሩን ያመጣሁት እኔው ነኝ። ባለፈው ዓመት ሊዲ ሥራ በማትገባበት ቀን በባቡር ወደ ባሕሩ ትወስደኝ ነበር። ፔናርዝ ጣቢያ ወርደን፣ ባሕሩን በግራ ይዘን በገደሉ አናት እንሄድና ባሪ ከሚባለው ከተማ ሌላ ባቡር ተሳፍረን እንመለሳለን። ነፋሱ ነጠላዬን ሊቀማኝ ይታገለኛል፣ ጭቃው ጫማዬን ያስቀርብኛል። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከልቤ የሳቅሁት እዚያ ነው። ከተመለስኩ በኋላ አንድ ክርስትና ላይ ይህን ሳወራ ሴቶቹ «አግቢ እንጂ» ቢሉኝ፣ «መኪናውን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ካላቆመ የሚሞት ሽማግሌ አላገባም!» አልኳቸው። ከበሩ ጋ የሚያቆመው ወንድሙ አጠገባችን ሆኖ ሳህኑን እያየ ይበላ ነበር።

እሱን ጠልቼ አይደለም፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። የምፈራው አግብቼ ሶፋ ላይ መቅረቱን ነው።

«ልጃችሁ ይራመዳል?» እላለሁ።

ባቡሩ ጣቢያ ላይ ሲቆም ወንድሙ ይንገዳገድና ፊቱ ይጨማደዳል።

«ዛሬ ዋክ አድርጓል።»

«ከየት የት?»

«ሴንትራል ፓርክ ጣቢያ ከባቡር ወርዶ፣ በወንዙ ዳር እስከ ፒዮሪያ። እርስዎ እንደሚያደርጉት ነው፤ ከአንዱ ጣቢያ ወርዶ ከሌላው መሳፈር።»

«ባሕሩስ?»

«ባሕር እንኳ የለም» ይላል አስቦ። «በግራ በኩል የኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ነበር።»

ከዚህ በላይ መቻል ያቅተኛል። ስስቅ የበረራ አስተናጋጇ ከንፈሯን መቀባት ትታ ታየኛለች።

«ጫማው መቼ ተገዛ?»

«ትናንት።»

«በስመ አብ! አዲስ ጫማ እኮ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ይለመዳል። ተላጥክ?»

«ሁለቱም ተረከዝ። ልጃችን ግን አያማርርም።»

ተቀመጥ ልለው አፌ ላይ ይደርሳል። ግን ወግ ወግ ነው፤ በአንድ ልመና እሺ አለች እንዳይባል።

«እንግዲህ ቤተ ዘመድ መማከር አለበት» እላለሁ። «ሌላ ቀን ተመለሱ።»

«ቤተ ዘመዱ ሊዲ አይደለችም?»

«ናት።»

«ደውዬላት ነበር። ‹ፋይናሊ! በስንት ጊዜው!› ነው ያለችኝ። ጫማውንም በቪዲዮ ያስመረጠችኝ እሷ ናት። ብቻ ቤት ውስጥ ይለመዳል አላለችኝም።»

ይህች ልጅ! ትናንት ስንነጋገር አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ሹራብ አትርሺ ብቻ ነው ያለችኝ።

የአየር ማረፊያው ነጭ ጣሪያ በመስኮቱ ይታያል። ባቡሩ ቀስ ይላል፣ የመጨረሻው ጣቢያ መሆኑ ይነገራል። የበረራ አስተናጋጇ ትነሳለች፣ እኔም ሻንጣዬን ይዤ እነሳለሁ። ወንድሙ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እግሩ ክብደቱን እየቀያየረ እንደቆመ ነው። ግንባሩን አልቦታል። እዚህ ድረስ ቆሞ መምጣቱ ከመንገዱ ሁሉ ሳይብስበት አልቀረም።

በሩ ይከፈታል።

«ተቀመጥ» እለዋለሁ።

«ደረስን እኮ፣ መጨረሻው ነው።»

«ወንድሙ፣ ተቀመጥ አልኩህ።»

አሁን ይገባዋል። ምሰሶውን ይለቅና ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል። ወዲያው ሻንጣዬን ሊቀበለኝ ሊነሳ ሲል ትከሻውን ይዤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

«ጫማህን አውልቅ። እግርህን ለፔናርዝ አቆይልኝ።»

ሻንጣዬን ራሴ እየጎተትኩ እወርድና ከመስኮቱ ውጪ ሆኜ ዞር ብዬ አያለሁ። ባቡሩ ወደ ከተማ ሊመለስ አዳዲስ መንገደኞች እየገቡ ነው። ወንድሙ በሱፉና በነጠላው መሐላቸው ተቀምጧል። ሁለቱን ጫማዎች ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በካልሲ ብቻ የቀሩትን የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ እያንቀሳቀሰ ነው።