ማንም ሳያየው የወለቀ ጥርስ

ውባለም የምትሠራበት ቤተ ሙከራ ከሰከንድ በታች የሚኖሩ ራዲዮአክቲቭ ኒውክሊየሶችን (የአቶም እምብርቶችን) በጨረር መልክ በዝግታ እየላከ ከሌሎች ጋር ያጋጫል፤ ከዋክብት ወርቅን እንዴት እንደሚያበጁ ለማወቅ። አሁን ኒውክሊየሶቹን ለደቂቃዎች ማቆየት ተችሏል። ታዲያ እያንዳንዷ ደቂቃ ከተመራማሪው ቤት አንድ ሳምንት ትወስዳለች፤ በቤቱ ያለው ሁሉ በዚያው ልክ ያረጃል። ውባለም ይህን አውቃ ነው የሥራ ውሉን የፈረመችው። እስካሁን የደረሰባት ቢበዛ ወተት መኮምጠጥና አበባ መጠውለግ ነበር።

ያን ቀን ሥራው ሰምሮላት ከቀትር በኋላ ደስ ብሏት ቤቷ ገባች። የስድስት ዓመት ልጇ ሶስና እየሳቀች ሮጣ መጣች። ጠዋት ያለበሰቻት ቀሚስ አጥሯታል፤ ይነቃነቅ የነበረው የፊት ጥርሷም በአዲስ ተተክቷል።

«መቼ ወለቀ?»

«እንጃ እማዬ።»

«ጣሪያ ላይ አልወረወርሽውም?»

ሶስና ግራ ገባት። ባሏ ይርጋ ከጓዳ ብቅ አለ። «እኔም አላየሁም፣ ውቤ። ከአጠገቧ ሳልለይ ነው የዋልኩት።»

ውባለም ቤተ ሙከራው ደወለች።

«ጨረሩን አጥፉልኝ! በቃኝ!»

«ካጠፋነው አንድ ሰዓት አለፈው እኮ» አላት ባልደረባዋ፣ ደስታ በሚያርበተብተው ድምፅ። «አንዷ ኒውክሊየስ ግን እስካሁን አልሞተችም። ምን እንደምናደርጋት አናውቅም!»

ውባለም ስልኩን ጥላ ልጇን ጭምቅ አድርጋ አቀፈቻት። ጀምበር እስክትጠልቅ አልለቀቀቻትም። ወገቧ ላይ የነበረው የሶስና ራስ ቀስ እያለ ወደ ደረቷ ሲወጣ ይሰማት ነበር።