የፌንጣ ልክ

«ተፈረደልን!» ብላ ጠበቃዋ በስልኩ ውስጥ ጮኸች። መቀሱ ከእጄ አምልጦ የእግሬን ጣት ለጥቂት ሳተው።

ደንበኛዬ አንገት ላይ ጥምጥም ብዬ ዘለልኩ። የምለካላት ቀሚስ ገና በስፒል የተያያዘ መሆኑን ረስቼዋለሁ። «ኧረ ወጋሽኝ!» እያለች እሷም አብራኝ ዘለለች።

«ረጋ ብለሽ ንገሪኝ፣ ዳኛው ምን አሉ?» አልኳት ጠበቃዋን።

«መንግሥት ‹ልጅቷ ከድንበሬ ውጭ ናት፣ አይመለከተኝም› ሲል አልነበር? ዳኛው ‹ካምፑ በሌላ አገር ቢሆንም ልጅቷ ዜጋህ ናት። የካምፑ ኃላፊዎች ውሰዳት ብለውሃል፤ እምቢ ያልከው አንተ ነህ። መብቷ ድንበር ላይ አይቀርም፣ አምጣት› አሉት። እትዬ፣ ፌንጣ ልትመጣ ነው!»

እህቴ ሊዋጋ የሄደ ባሏን ተከትላ ጦርነት ወዳለበት አገር ስትሄድ ልጇ ገና መሮጥ መጀመሯ ነበር። ፌንጣ ያልኳት እኔ ነኝ፤ አንድ ቦታ አትቆምም ነበራ። እናትና አባቷ እዚያው ሞቱ፣ እሷ እዚያው ካምፕ ሽቦ አጥር ውስጥ ቀረች። ሕፃን ልጅ ምን አጠፋች ብዬ ያላንኳኳሁት ቢሮ የለም።

ጠበቃዋ ወዲያው ከካምፑ ነርስ ስልክ ጋር አገናኘችን።

«አክስቴ?»

«ፌንጣዬ! ሰማሽ? ወደ ቤትሽ ልትመጪ ነው! ቀሚስሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እየጠበቀሽ ነው፣ ቢጫ!»

«ኪስ አለው?»

«እንዴታ! ሁለት።»

«ግን ይበቃኛል? ነርሷ ዛሬ ለክታኝ አንድ ሜትር ከሠላሳ ሆኛለሁ» አለች ኮራ ብላ።

ሜትሩን ከአንገቴ አውልቄ ከወለሉ ወደ ላይ ሳብኩት። ደንበኛዬ ከነስፒሏ አጎንብሳ ጫፉን ያዘችልኝ። ግድግዳው ላይ በጠመኔ አሰመርኩ፤ መስመሩ ደረቴ ድረስ መጣ። ያኔ በልኳ የሰፋኋትን ትንሿን ቢጫ ቀሚስ አውርጄ ከመስመሩ ሥር ብይዛት የልጅቷን ወገብ እንኳ የምታልፍ አይደለችም። ጉድ እኮ ነው! እኔ ፍርድ ቤት ስመላለስ ልጅት ማንንም ሳትጠብቅ አድጋለች።

«አክስቴ፣ ይበቃኛል ወይ?»

«ልክሽ ነው!» አልኳት። ደስታው እንባዬን አመጣው።

ደንበኛዬ ማንም ሳያዛት የቢጫውን ጨርቅ ጣቃ ከመደርደሪያ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እኔም ከትንሿ ቀሚስ ላይ ሁለቱን ኪሶች መተርተር ጀመርኩ።