የአዲሱ ጫማ ኮቴ

ወደ ተራራው ለመሄድ አንድ ሳምንት ቀርቶኛል። የማድርበት ቤት ሙቅ ውሃና ወፍራም ብርድ ልብስ አለው፤ ሻንጣዬን በቅሎ ይሸከምልኛል።

«ለመተኛትማ እዚህስ አልጋ መች አጣህ?» ትለኛለች እናቴ። እኔ ግን ከቤት ውጭ አድሬ አላውቅም፤ ዘንድሮ ካልሄድኩ መቼም አልሄድም።

ለጉዞው የገዛሁት አዲስ ጫማ እግሬን እንዳይልጠው፣ ከሥራ ስመለስ አጥልቄው በኮሪደሩ እመላለሳለሁ። ዛሬ ሲደክመኝ መኝታ ቤት ገብቼ አወለቅኩት።

«ኧረ በቃህ! ወለሉን ቆፈርከው እኮ!» ስትል እናቴ ከወጥ ቤት ጮኸች።

«ተቀምጫለሁ እኮ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ኮቴ የማነው?»

ልትቆጣኝ መጣች። ጫማውን ጭኔ ላይ አየችው። ያቋረጠችው ኮሪደር ባዶ ነበር፤ ኮቴው ግን ከኋላዋ አልቆመም። ወለላችን ጣውላ ሆኖ ሳለ፣ ድምፁ የተራራ መንገድ ጠጠር የሚረግጥ ሰው ድምፅ ነበር።

በሩን ዘግታ ክንዴን ያዘችኝ። «በል፣ እቀራለሁ በል፣ ልጄ» አለች በሹክሹክታ።

«እሄዳለሁ!» አልኩ፣ ውጭ ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። ጫማውንም አጥልቄ ማሰር ጀመርኩ።

ኮቴው የመኝታ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ፣ እንደሚጠብቀኝ ሁሉ ቆመ።